ምዕራፍ 5፦ ኮዱ ማንን ነው የሚከሰው?

በሲያትልና በዙሪያዋ የጭስ ምርመራ ያለበት መኪና የሚነዳ ሰው እስከ እ.ኤ.አ. 2019 መጨረሻ ድረስ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ እያየ እንዳላየ ማለፍ አይችልም ነበር። የዋሽንግተን ስቴት የጭስ ምርመራ በ1982 ተጀምሮ በኪንግ፣ በፒርስ፣ በስኖሆሚሽ፣ በክላርክና በስፖኬን ካውንቲዎች ሕዝብ በበዛባቸው አካባቢዎች ሲሠራበት ቆይቷል። ዕድሜው ለምርመራ የደረሰ መኪና በየሁለት ዓመቱ ጣቢያ ይቀርባል፤ ባለቤቱ 15 ዶላር ይከፍላል፤ መኪናው ከ1996 ወዲህ የተሠራ ከሆነ መርማሪው ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ገመድ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ይጠይቃል። መብራቱ ከበራ መኪናው ወደቀ፤ የወደቀ መኪና ባለቤት ደግሞ የሰሌዳውን ታብ ለማሳደስ ይቸገራል። የስቴቱ ምክር ቤት በ2005 ባወጣው ሕግ ለፕሮግራሙ ማብቂያ ቀን ቆርጦለት ስለነበር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ምርመራው ቀረ። ምክንያቱ አልተደበቀም፤ አዳዲሶቹ መኪኖች ከአሮጌዎቹ እጅግ የጸዱ ሆነዋል፣ የአካባቢው አየርም የፌዴራሉን መለኪያ አሟልቷል ተባለ። ከዚያ ወዲህ መብራቱ የባለቤቱና የመካኒኩ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል።

በሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፈው ተሳፋሪ የሚጠብቁ፣ በኡበርና በሊፍት ከሬኒየር ቫሊ እስከ ቤልቪው የሚመላለሱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሹፌሮች አሉ፤ ከእነሱም መካከል ቶዮታ ፕሪየስ የያዘው ጥቂት አይደለም። በመኪናው ሠርቶ ለሚያድር ሰው ቢጫው መብራት ሲበራ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ ስንት ሊያስወጣኝ ነው የሚል ነው። መልሱን ብዙ ጊዜ የሚያከብደው ገና ከጅምሩ የሚሠራ አንድ ስህተት ነው፤ ይኸውም ማንበቢያው ላይ የወጣውን ኮድ የተበላሸው ዕቃ ስም አድርጎ መውሰድ። ኮድ የሚናገረው ኮምፒውተሩ ካደረጋቸው ፈተናዎች የትኛው እንደወደቀ ነው። ፈተናው ምን እንደነበረና ለምን እንደወደቀ ሳይጠይቅ ዕቃ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለግምት ነው። ይህ ምዕራፍ የሚከራከረው ስለዚህ ነገር ነው፤ የሚቃወሙትም ጥሩ ጥሩ ምክንያት ስላላቸው እነሱንም እንሰማለን።

መብራቱ ለምን እንደተፈጠረ ማወቅ ነገሩን ያቀለዋል። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎቻቸውን ራሳቸው እንዲከታተሉ አስገደደ። በ1990 የተሻሻለው የፌዴራሉ የንጹህ አየር ሕግ ሐሳቡን ለአገሩ ሁሉ አደረገውና ከ1996 ሞዴል ወዲህ በአሜሪካ የተሸጠ አዲስ መኪና ሁሉ ኦቢዲ 2 የሚባለውን ሥርዓት፣ ባለ 16 ፒኑን ሶኬትና አንድ ዓይነት ኮዶች ይዞ መጣ። ሕጉ የተጨነቀው ለሹፌሩ ምቾት አልነበረም፤ የተጨነቀው ከጭስ ማውጫው ለሚወጣው ነገር ነው። ለኮምፒውተሩ የተሰጠው ትእዛዝ በጥቅሉ፣ የመኪናው ጭስ ከተፈቀደለት ልክ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 እጥፍ ሊያልፍ የሚችልበት ብልሽት ሲመጣ አስታውቅ የሚል ነው። ነገር ግን መኪናው ውስጥ ጭስ የሚመረምር ላቦራቶሪ የለም። ያሉት ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ ግፊትና ፍጥነት የሚለኩ ሴንሰሮች ናቸው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በእነዚህ ሴንሰሮች በተዘዋዋሪ የሚደረጉ ፈተናዎችን ጻፉ። አብዛኞቹ ፈተናዎች አንዴ ሲወድቁ ኮዱ በይደር ይያዛል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ሲደገም መብራቱ ይበራል። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ካለፈ መብራቱ በራሱ ይጠፋል፤ ኮዱ ግን ሞተሩ 40 ጊዜ ሞቆ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከማኅደሩ አይወጣም። መብራቱ አንድ ሳምንት በርቶ ሌላ ሳምንት የሚጠፋበት ሰው መኪናው ራሱን ያዳነ ይመስለዋል፤ የሆነው ግን ፈተናው አንዴ ማለፉ አንዴ መውደቁ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ኪስ የሚያራቁተው ኮድ ፒ0420 ነው። መግለጫው የካታሊስቱ ብቃት ከተወሰነው ልክ በታች ነው ስለሚል ያነበበው ሁሉ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ሞቷል ብሎ ይደመድማል። ኮንቨርተሩ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ከማርሚታው በፊት የተገጠመ፣ በቀጫጭን ቀዳዳዎች የተሞላ ሴራሚክ ያለበት ሣጥን ነው፤ ሴራሚኩ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም ተለብጧል። ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ጉዳታቸው አነስተኛ ወደሆነ ጋዞች የሚለውጠው ኦክስጅን እያጠራቀመ እየለቀቀ ነው። ከፊቱ አንድ ሴንሰር፣ ከኋላው ሌላ ሴንሰር አለ። በቶዮታ መኪኖች ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ድብልቁን አንዴ ቤንዚን ያበዛበታል፣ አንዴ ያሳንሰዋል፤ ከዚያም የኋላው ሴንሰር ለውጡን ለመስማት ምን ያህል እንደዘገየ ይቆጥራል። ጤነኛ ኮንቨርተር ኦክስጅኑን ይዞ ስለሚያቆየው የኋላው ሴንሰር ዘግይቶ ይሰማል፤ ቶሎ ከሰማ የማጠራቀም አቅሙ ቀንሷል ተብሎ ፈተናው ይወድቃል።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ በዓይኑ ያየው የኋላው ሴንሰር ቶሎ መለዋወጡን ብቻ ነው። ይህ በእውነት ኮንቨርተሩ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ከሴንሰሩ አጠገብ ያለው ቱቦ ወይም መጋጠሚያ ተሰንጥቆ የውጭ አየር እየገባም ሊሆን ይችላል። የፊቱ ሴንሰር ደክሞ ድብልቁ ስለተዛባም ሊሆን ይችላል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች እንደሚባለው፣ ኮዱ የመለሰው እውነት ነው፤ የጠየቅነውን ግን አልመለሰም። ኮንቨርተሩ በእርግጥ ሞቶ ቢገኝ እንኳ ጥያቄው አያበቃም፤ ምክንያቱም ኮንቨርተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በሌላ ነገር ተገድሎ ነው። ሚስ የሚያደርግ ሞተር ያልተቃጠለ ቤንዚን ይልክበታል፤ ቤንዚኑ እዚያ ውስጥ ሲነድ ሴራሚኩን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ዘይት የሚበላ ሞተር ደግሞ በዘይቱ ቅሪት የከበረውን ብረት ቀስ በቀስ ይሸፍነዋል። ገዳዩ ሳይያዝ አዲስ የተገጠመ ኮንቨርተርም መንገዱ ያው ነው፤ በተለይ ውድ ብረቱ የሳሳ ርካሽ ኮንቨርተር ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ያው ኮድ ይመለሳል።

ስለዚህ ፒ0420 ያየ ጠንቃቃ መካኒክ ቱቦ ለመቁረጥ አይቸኩልም። በመጀመሪያ ሌላ ኮድ አብሮ መኖሩን ያያል፤ የሚስ ወይም የስስ ድብልቅ ኮድ ካለ እሱ ሳይፈታ ፒ0420ን አይነካም። ቀጥሎ ኮዱ ሲመዘገብ አብሮ የተቀመጠውን ቅጽበታዊ መረጃ ያነባል፤ መኪናው ስንት ፍጥነት ላይ ነበር፣ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይ፣ ከታች የምናየው የነዳጅ እርማት ስንት ነበር። ሞተሩ ሳይሞቅ ያስነሳና በመጋጠሚያዎቹ ላይ የጭስ መውጫ ድምፅና ጥቁር የጥቀርሻ ምልክት ይፈልጋል፤ ብረቱ ሲሞቅ ስንጥቁ ስለሚገጥም ይህ በቀዝቃዛ ሞተር ነው የሚታየው። ከዚያም የዘይቱን ፍጆታ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ አንድ መለዋወጫ ሳይገዛ የሚሠራ ነው።

ሲያትል ለዚህ ክርክር ያበረከተችው አንድ መራራ ማስረጃ አለ። ከ2004 እስከ 2009 የተሠራው ሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ የኮንቨርተር ሌቦች ዋና ዒላማ የነበረ መኪና ነው። ሌባው መኪናውን አንሥቶ ቱቦውን ሲቆርጥ ብዙ ጊዜ የሴንሰሩን ሽቦ አብሮ ይበጥሳል። በማግስቱ ስካነር የሰካ ሰው ፒ0037ን፣ ማለትም የኋላው ኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ የኤሌክትሪክ መስመር ዝቅተኛ ነው የሚለውን ኮድ ሊያገኝ ይችላል። ኮንቨርተሩ ከነነፍሱ ተወስዶ ኮምፒውተሩ የሚያለቅሰው ለሴንሰር ማሞቂያ ነው! ኮንቨርተር ያጣው ቱቦ የሚያጓራው ድምፅ ባይኖር ኮዱን ብቻ ያመነ ሰው ሴንሰር ሊገዛ ይሄድ ነበር።

ፒ0171 ሌላው የተለመደ ወጥመድ ነው። ድብልቁ ስስ ነው፣ ማለትም ለገባው አየር የተረጨው ቤንዚን አንሷል ይላል። መልእክቱ የመጣው በኦክስጅን ሴንሰር በኩል ስለሆነ ብዙ ሰው ሴንሰሩን ይቀይራል፤ እውነት የተናገረውን ማባረር ማለት ነው። እዚህ መፍትሔው ያለው የነዳጅ እርማት በሚባለው ቁጥር ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር እንዲደርስ ይፈልጋል፤ ሴንሰሩ ቤንዚን አነሰ ሲለው በመቶኛ እየጨመረ ይረጫል፣ የጨመረውንም ይመዘግባል። እንበልና በሚኒሞ እርማቱ 22 በመቶ ጭማሪ ሆኖ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲደርስ ወደ 4 በመቶ ወረደ። ይህ የሚያሳየው ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር መኖሩን ነው፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ያፈሰሰ ጋስኬት። የቀዳዳው መጠን ያው ስለሆነ ሞተሩ ጥቂት አየር በሚስብበት በሚኒሞ ጉዳቱ ይጎላል፤ ብዙ አየር ሲስብ ይዋጣል። ነገሩ ተገልብጦ በሚኒሞ 3 በመቶ ሆኖ በጄምስ ጎዳና ሽቅብ ሲወጣ 20 ከሆነስ? ያን ጊዜ የሚጠረጠረው የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ነው። ሁለቱም መኪኖች የሚያወጡት ኮድ ያው ፒ0171 ነው፤ ጥገናቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ፕሪየስ ሲቆም ሞተሩን ስለሚያጠፋ በሚኒሞ ለመለካት ያስቸግራል፤ ለዚህም ሞተሩ ሳይጠፋ እንዲቆይ የሚያደርግ የጥገና ሞድ አለው፤ ይህን የማያውቅ ጋራዥ ግማሹን መረጃ ሳያይ ነው የሚፈርደው።

የክርክሩ ከባዱ ማስረጃ ግን ከ2010 እስከ 2015 የተሠራው ሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ነው። የታክሲ ሹፌሮች ታሪኩን በደንብ ያውቁታል። ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይለሰልሳል። ከሳምንታት በኋላ መብራቱ በርቶ ፒ0301 ወይም ፒ0300 ይመጣል፤ የመጀመሪያው ቁጥር አንድ ሲሊንደር ሚስ አደረገ ይላል፣ ሁለተኛው ሲሊንደሮቹ ባልተወሰነ ቅደም ተከተል ሚስ አደረጉ ይላል። ሰው ካንዴላ ይቀይራል፤ ኮዱ ይመለሳል። ቦቢና ይቀይራል፤ ይመለሳል። ኢንጄክተር ያሳጥባል። ሁሉም አዲስ ሆነው ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጡ ይቀጥላል።

ፈተናውን ብንጠይቀው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የሚስ ፈተና ካንዴላን አያይም፤ የሚያየው የሞተሩ ዘንግ ሲሽከረከር ከአንድ ሲሊንደር ተራ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ መቀነሱን ነው። ያ ሲሊንደር ያልገፋው ብልጭታ አጥቶ፣ ቤንዚን አጥቶ፣ ግፊት አጥቶ ወይም ውስጡ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ቅጽበታዊው መረጃ ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደነበረ፣ ከተነሳም ገና ሰከንዶች እንደሆኑት ከታየ ጥርጣሬው ወደ ውሃው ያዘነብላል። በዚህ ሞተር ላይ የሚታወቀው ደካማ ጎን የቴስታታው ጋስኬት ነው፤ መኪናው ሲያድር ከማቀዝቀዣው መስመር ጥቂት ፈሳሽ ወደ ሲሊንደሩ ይሰርጋል፤ ጠዋት ያ ፈሳሽ ተቃጥሎ እስኪወጣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ብዙ መካኒኮች የችግሩን ሥር ወደ ኢጂአር ይወስዱታል። ኢጂአር ከተቃጠለው ጋዝ ጥቂቱን አቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ የሚመልስ፣ ቃጠሎውንም የሚያበርድ ሥርዓት ነው፤ ማቀዝቀዣው በጥቀርሻ ሲደፈን፣ በአየር ማስገቢያው ላይ ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚወስዱት ጠባብ ቀዳዳዎችም እኩል ሳይሆኑ ሲዘጉ ሲሊንደሮቹ ይግላሉ፤ ጋስኬቱ ይጎዳል ይላሉ። ለዚህ የተመደበ ፒ0401 የሚባል ኮድ አለ፤ የሚመዘገበው ግን ፍሰቱ ከወሰን በታች ሲወርድ ነው፤ መደፈኑ ደግሞ በዓመታት የሚመጣ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ዝም ባለበት ዘመን ሁሉ ጉዳቱ ሲሠራ ኖሯል። የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ሲያንስ ደግሞ ሞተሩ በቂ ሙቀት አልደረሰም የሚለው ፒ0128 ሊመጣ ይችላል፤ የሲያትል ክረምት ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው ቴርሞስታት ቀይሮ ይመለሳል። ሦስት የተለያዩ ኮዶች፣ ሦስት የተለያዩ የመለዋወጫ ግዢዎች፣ ከሥራቸው ያለው ችግር ግን አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የማቀዝቀዣው መስመር ግፊት ተሞልቶበት ያድርና ጠዋት በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ ሲገባ እርጥብ ሲሊንደር ራሱን ያሳያል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። የመለዋወጫ መደብር ኮድ በነፃ ያነብልኛል፤ መካኒክ ግን ለምርመራ ብቻ የሰዓት ሥራ ያስከፍለኛል፤ ታዲያ ዕድሌን በርካሹ ዕቃ ብሞክር ምን አለበት? ተቃውሞው ተራ አይደለም፤ አንዳንዴም ትክክል ነው። ትልቅ የቤንዚን ትነት መፍሰሻ አለ የሚለው ፒ0455 ሲመጣ የሳልባትዮውን ክዳን አጥብቆ መዝጋት፣ ላስቲኩ ከተሰነጠቀም ክዳኑን መቀየር ማንም ምክንያታዊ ሰው የሚጀምርበት ነው። ነገር ግን በነፃ የሚነበበው ኮድ ብቻ ነው፤ አብሮ የሚታተመው የ«ሊሆን ይችላል» ዝርዝርም ከዕቃ ሻጭ የወጣ መሆኑ አይዘንጋ። ደግሞ ሙከራ ሁሉ ግዢ አይጠይቅም። የቁጥር አንድን ቦቢና ከቁጥር ሁለት ጋር አቀያይሮ መንዳት ምንም አያስወጣም፤ ፒ0301 ወደ ፒ0302 ከተለወጠ ጥፋቱ የቦቢናው ነው፤ እዚያው ከቀረ ቦቢናው ንጹሕ ነው። ይህ ግምት ሳይሆን ምርመራ ነው። በሳውዝ ሲያትል ኮሌጅና በሾርላይን ኮሌጅ የአውቶሞቲቭ ክፍሎች ተማሪዎች የሚሰለጥኑበት ሙያም መለዋወጫ መቀየር ብቻ አይደለም፤ መለዋወጫው መቀየር ያለበት መሆኑን መወሰን ነው። የሰዓቱ ክፍያ የዚያ ውሳኔ ዋጋ ነው፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተር በከንቱ ከመግዛት ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። ሌላም ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ በፌዴራሉ ሕግ ኮንቨርተሩና የሞተሩ ኮምፒውተር ለ8 ዓመት ወይም ለ80,000 ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚመጣው፣ ዋስትና አላቸው። ቀን ከሌት የሚሠራ ሹፌር ማይሉን በጥቂት ዓመታት ስለሚጨርሰው መብራቱን ችላ ብሎ ወራት ባሳለፈ ቁጥር በነፃ ሊጠገንለት የሚችለውን ዕድል በገዛ እጁ ያሳልፋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግዴለሽነትን ይመክራል። መኪናው ይሄዳል፣ ስቴቱም አይጠይቅም፤ መብራቱ ስለ ጭስ እንጂ ስለ ሞተሩ አይደለምና ይብራ። እዚህ ላይ ለተቃዋሚው መስጠት የሚገባን ነገር አለ። ፒ0456 የሚባለው ኮድ በትነት ሥርዓቱ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ አለ ይላል፤ እንዲህ ያለው ቀዳዳ ማንንም መንገድ ላይ አያስቀርም፤ ለወር ደመወዝ መጠበቅ ይችላል። ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሞተሩ አሁን በዚህ ቅጽበት ኮንቨርተሩን በሚያቃጥል ደረጃ ሚስ እያደረገ ነው ማለት ስለሆነ እግርን ከቤንዚን ማንሳት፣ ቢቻልም ዳር ይዞ መቆም ያስፈልጋል። የግዴለሹ ሰው ትልቁ ችግር ግን አምፖሉ አንድ መሆኑ ነው። በጥቃቅኑ ኮድ ምክንያት ለስድስት ወር በርቶ የኖረ መብራት ከባዱ ኮድ ሲመጣ እንደገና ሊበራ አይችልም። ቀላሉን ማሳለፍ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ በየጥቂት ሳምንቱ በስልኩ በሚሠራ ርካሽ ማንበቢያ አዲስ ኮድ አለመጨመሩን ማየት አለበት።

ስለ ጭሱም ቢሆን የስቴቱ ክርክር በአማካይ ትክክል ነበር፤ አማካይ ግን የሚሸፍነው ነገር አለው። ኮንቨርተሩ የከሸፈበት አንድ መኪና የሚለቀው ጤነኛው ከሚለቀው ብዙ እጥፍ ነው። ኢንተርስቴት 5 በቢከን ሂል ሥር፣ በቻይናታውንና በጆርጅታውን አጠገብ ያልፋል፤ ከመንገዱ ጥግ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው። ሙሉ ቀን በትራፊኩ መካከል ተቀምጦ ያንን አየር የሚስበውም ሹፌሩ ራሱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ በቃል አይነገርም፤ በጣት ነው የሚሠራው። ኮዱን ማጥፋት። ስካነሩ ላይ አንድ ቁልፍ ሲጫን መብራቱ ይጠፋል፤ አሮጌ መኪና የሚሸጥ ሰው ከዚህ የቀለለ ጥገና አያገኝም። ግን ማጥፋቱ ራሱ ምልክት ይተዋል። ኮዱ ሲደመሰስ የፈተናዎቹ ውጤት ሁሉ ወደ አልተጠናቀቀም ይመለሳል፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፈተና እንደገና እስኪያደርግ ቀናት ሊወስድበት ይችላል። ከ2010 ገደማ ወዲህ በተሠሩት መኪኖች ደግሞ ቋሚ የሚባል ኮድ አለ፤ ይህን ቁልፍ አያጠፋውም፣ የሚጠፋው ፈተናው በእውነት ሲያልፍ ነው። በፊት የፈተናዎቹን መጠናቀቅ የሚያየው የስቴቱ መርማሪ ነበር። ዛሬ ሲያትል ውስጥ አሮጌ ፕሪየስ ለመግዛት የሚደራደር ሰው ራሱ ማየት አለበት፤ መብራቱ ጠፍቶ አብዛኞቹ ፈተናዎች አልተጠናቀቁም የሚል መኪና ቅርብ ጊዜ ተደምስሶለታል ወይም ባትሪው ተነቅሏል፤ ሻጩ የትኛው እንደሆነ ይናገር።

ያው ነገር ለጠገነም ሰው ይሠራል። መብራቱ ጠፍቷልና ተጠግኗል ማለት አይቻልም። በብዙ የቶዮታ መኪኖች የቤንዚን ትነት ፈተና የሚደረገው መኪናው ከጠፋ ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው፤ አንድ ትንሽ ፓምፕ በራሱ ተነሥቶ ሥርዓቱን ይፈትሻል። ሞተሩ ገና ካልበረደ ወደ ሰባት፣ ከዚያም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያራዝመዋል። ሁለት ሹፌሮች ቀንና ሌሊት ተፈራርቀው የሚነዱት ታክሲ አምስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ስለማያውቅ ፈተናው ለሳምንታት ላይደረግ ይችላል፤ መብራቱም እስከዚያ አይበራም። ታንከሩ ጢም ብሎ ሳይሞላ፣ ከ90 በመቶ በታች ይዞ፣ የውጭው አየር ከ4 እስከ 35 ዲግሪ ባለበት ጊዜ መኪናው አንድ ሌሊት ሙሉ ይቁም። ጠዋት ስካነሩ የትነት ፈተናው ተጠናቋል ካለና በይደር የተያዘ ኮድ ከሌለ የመካኒኩ ሥራ ይዟል፤ አልተጠናቀቀም ካለ መኪናው ገና አልተፈተነምና ሌላ ሌሊት ማደር አለበት።